ሽሮ ሜዳ ያለው ሱቃችን ድረ ገጽ አለው፤ ፈላጊ ግን አያገኘውም

ድርና ማግ፦

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ከጨንቻ የመጣ ሸማኔ ነው። እናቴ ደግሞ ሽሮ ሜዳ፣ ከአሜሪካ ኤምባሲ ከፍ ብሎ ባለው ገበያ የሐበሻ ልብስ ሱቅ አላት። ከምንሸጠው አብዛኛው አባቴና የአጎቶቼ ልጆች የሚሸምኑት ነው፤ የሴት ቀሚስ ከነነጠላው፣ ጋቢ፣ ለሠርግና ለመልስ የሚሆን የጥንዶች ልብስ፣ የልጆችም አለን።

አምና ድረ ገጽ አሠራን። ያምራል፤ የሠራውም ልጅ ትጉህ ነው። የሱቁን ሙሉ ስም ጉግል ላይ ስጽፍ ይመጣል። «የሐበሻ ቀሚስ ሽሮ ሜዳ» ብዬ ስፈልግ ግን ገጽ በገጽ ብገልጥ የለንም። ከፊት የሚመጡት ደግሞ አንድም ቀን ሸማኔ ያላዩ የሚመስሉ፣ ከሌላ አገር የሚሸጡ ሱቆች ናቸው። ይህ ያንገበግበኛል። ልብሱ የሚሸመነው እዚህ፣ ፈላጊው የሚላከው ወዲያ!

ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ እንሸጣለን፤ ውለታቸውን አልክድም። ነገር ግን የሚደርሱት አስቀድሞ ለሚያውቀን ወይም ቪዲዮው እንዳጋጣሚ ፊቱ ለመጣለት ሰው ነው። እኔ የምፈልገው ልብስ ለመግዛት ቆርጦ የተነሣውን ሰው ነው። ውጭ አገር ያሉ ደንበኞቻችን «በሰው በሰው ነው ያገኘናችሁ እንጂ ኢንተርኔት ላይስ ፈልገን አጥተናችኋል» ይሉናል።

ድረ ገጹ አራት ገጾች አሉት፤ ዋናው፣ «ስለ እኛ»፣ «ምርቶች» እና «ያግኙን»። «ምርቶች» ውስጥ ያሉት ለቴሌግራም የምናዘጋጃቸው ፖስተሮች ናቸው፤ የቀሚሱ ስምና ስልካችን ሥዕሉ ላይ ተጽፏል። ከሥሩ «ዋጋ በውስጥ መስመር» እንላለን።

ኤስኢኦ የሚባለውን፣ ድረ ገጽ ጉግል ላይ ሲፈለግ ከፊት እንዲመጣ የማድረግ ሥራ፣ ራሴ ልሠራው እችላለሁን? ከየት ልጀምር? ገጹ የተሠራው ድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም በሆነው በዎርድፕሬስ ነው። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ኮምፒውተር አያስቸግረኝም፣ ኮድ ግን አልጽፍም።

ገጽ ሠሪው፦

እህቴ፣ ራስሽ ትሠሪዋለሽ፤ ከማንም ቅጥር ሠራተኛ በተሻለም ትሠሪዋለሽ። እኔ የምተዳደረው ለትንንሽ ሱቆችና ለእንግዳ ማረፊያዎች ድረ ገጽ በመሥራት ነው። ከሥራው ሁሉ አስቸጋሪው ኮዱ አይደለም። የንግዱ ባለቤት ስለ ዕቃው የሚያውቀውን ቁጭ ብሎ እንዲጽፍ ማድረግ ነው። አንቺ ደግሞ ሸማኔ ቤት ያደግሽ ነሽ።

የጉግል አሠራር ባጭሩ ይህ ነው፤ ጉግልቦት የሚባለው ፕሮግራም ከማስፈንጠሪያ ወደ ማስፈንጠሪያ (ሊንክ የሚሉት፣ ሲነኩት ሌላ ገጽ የሚከፍተው) እየተሻገረ ገጾችን ያነባል፤ ያነበበውን መዝገብ ውስጥ ያስገባል፤ ሰው ሲጠይቅ ከመዝገቡ አውጥቶ በቅደም ተከተል ያቀርባል። በስማችሁ ስትፈለጉ የምትመጡ ከሆነ መዝገቡ ውስጥ ገብታችኋል ማለት ነው። ለማረጋገጥ ያህል ሁለት ነገር አድርጊ። አንደኛ፣ ጉግል ላይ «ሳይት» የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል ጽፈሽ፣ ሁለት ነጥብ አስከትለሽ፣ ክፍተት ሳትተዪ የድረ ገጻችሁን አድራሻ ቀጥዪበት፤ የተመዘገቡትን ገጾች ያሳይሻል። ሁለተኛ፣ ዎርድፕሬስ ውስጥ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሪዲንግ የሚለውን ክፈቺ። የፍለጋ ሞተሮች ገጹን እንዳይመዘግቡ የሚጠይቅ ሣጥን አለ፤ ምልክት ካለበት አንሺው። ገጹ እየተሠራ ሳለ ምልክት ይደረግበትና ሥራው ሲያልቅ ይረሳል።

የናንተ ችግር ግን እዚያ አይመስለኝም። «ምርቶች» የሚለውን ገጽ ኮምፒውተር ላይ ክፈቺና ኮንትሮልና ኤፍ ተጭነሽ «ቀሚስ» የሚለውን ቃል ፈልጊ። ፖስተሩ ላይ ያለው ጽሑፍ የሥዕሉ አካል ስለሆነ ምንም አይገኝም። አንቺ «የሴት ቀሚስ፣ አረንጓዴ ጥለት» ብለሽ የምታነቢበት ቦታ ላይ ጉግል በዋናነት የሚያገኘው አንድ የፎቶ ፋይል ነው፤ ስሙም ካሜራው የሰጠው ቁጥር ይሆናል። ለቴሌግራም የተዘጋጀ ፖስተር ለቴሌግራም ጥሩ ነው። ድረ ገጽ ላይ ግን ጽሑፍ ጽሑፍ ሆኖ፣ ሥዕል ሥዕል ሆኖ ለየብቻ መቀመጥ አለበት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራሽ መጻፍ ነው። ምን እንደምትጽፊ ደግሞ እናትሽ ታውቃለች። ገበያ በሚደምቅበት አንድ ቅዳሜ ሱቁ ውስጥ ተቀመጪና ደንበኞች የሚጠይቋትን ሁሉ ጻፊ፤ አሳምረሽ ሳይሆን እንደ ወረደ፣ በራሳቸው ቃል። «ይህ ፈትል ነው መነን?» «ጥለቱ በእጅ ነው በማሽን?» «ሲታጠብ ይለቃል?» «ስፌቱን ጨምሮ ነው?» «ነጠላው አብሮ ነው?» «ዛሬ ባዝዝ ለጥምቀት ይደርሳል?» እዚያ ሱቅ በር ላይ የሚጠየቀውና ሰው ቤቱ ሆኖ ጉግል ላይ የሚጽፈው አንድ ነው። ገጽሽ እነዚህን ጥያቄዎች ከመለሰ ጉግል የሚያቀርብበት ምክንያት ያገኛል።

ከዚያ አንዱን «ምርቶች» ገጽ በየዓይነቱ ክፈዪው። የሴት ቀሚስ የራሱ ገጽ፣ ጋቢ የራሱ ገጽ፣ የሠርግና የመልስ ልብስ የራሱ ገጽ ይኑረው። ጋቢ የሚፈልግ ሰው ቀሚስ፣ ነጠላና የሕፃን ልብስ ወደተደባለቀበት ገጽ እንዲላክ አትጠብቂ። የእያንዳንዱ ገጽ ርዕስ፣ ማለትም ታይትል የሚባለውና ጉግል ላይ በትልቁ የሚታየው መስመር፣ የተለየ ይሁን። ለምሳሌ፦

«የሴት የሐበሻ ቀሚስ በእጅ ሽመና፣ ሽሮ ሜዳ አዲስ አበባ»

ሲረዝም ስለሚቆረጥ ዋናው ቃል ከፊት ይምጣ፤ የሱቁ ስም ከኋላ ይከተል። ከርዕሱ ሥር የሚታየው አጭር መግለጫ፣ ሜታ ዲስክሪፕሽን የሚሉት፣ ደረጃሽን አያሳድግም፤ ነገር ግን ያየው ሰው ይንካው አይንካው የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ እርሱን አንብቦ ነው። ኪወርድስ የሚባለውን፣ የመፈለጊያ ቃላት የሚደረደሩበትን ሣጥን ግን ተዪው። ጉግል እንደማይጠቀምበት በ2009 በይፋ ተናግሯል፤ እስከ ዛሬ እርሱን በመሙላት ገንዘብ የሚቀበሉ ሰዎች መኖራቸው ያሳዝነኛል።

ለአንድ ቀሚስ ምን ያህል ይጻፍ ብትዪ እንዲህ ያለ ነገር በቂ ነው፦

«ሙሉ ፈትል፣ በእጅ የተሸመነ። ጥለቱ አረንጓዴና ወርቃማ ነው፤ በደረቱ መስቀልና በታችኛው ጠርዝ ይወርዳል፣ የታችኛው ስፋቱ አንድ ስንዝር ነው። ነጠላው በተመሳሳይ ጥለት አብሮ ይሰጣል። በልክ ስለሚሰፋ የደረት፣ የወገብና ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ያለውን ርዝመት በሴንቲ ሜትር ይላኩልን። በቀዝቃዛ ውኃ በእጅ ይታጠባል፤ ጥላ ላይ ይሰጣል።»

ይህን ከእናንተ ሌላ ማን ይጽፈዋል? ከሌላ አገር የሚሸጠው ሱቅ የጥለቱን ስፋት በስንዝር አይነግርሽም። ብልጫችሁ ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

አሁን ስለ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ልናገር። እባክሽ ከድረ ገጻችሁ አጥፊው። ሰው «የሐበሻ ቀሚስ ዋጋ» ብሎ ይፈልጋል፤ ዋጋ የሌለው ገጽ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም። ቨርጂኒያ ያለች ሴት በሌሊት ገጽሽን ከፍታ ዋጋ ስታጣ እስከ ማለዳ አትጠብቅሽም፤ ወደሚቀጥለው ሱቅ ትሄዳለች። የፈትል ዋጋ እንደሚለዋወጥ አውቃለሁ። «ከዚህ እስከዚህ» ብለሽ ጻፊና የታደሰበትን ወር አስቀምጪ። ተፎካካሪ ያያል ብላችሁ የምትፈሩ ከሆነ፣ ሽሮ ሜዳ ላይ ጎረቤት የጎረቤቱን ዋጋ ያጣው መቼ ነው?

ፎቶዎቹን ከስልክ አውጥታችሁ እንዳሉ አትጫኑ። እያንዳንዳቸው ብዙ ሜጋባይት ከሆኑ ገጹ አይከፈትም። ጉግል የአንድ ገጽ ዋና ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይመክራል፤ የሚመዘግበውም ገጹ በስልክ የሚታይበትን መልክ ነው። መጠናቸውን ቀንሺ፤ እኔ ከ200 ኪሎባይት እንዳያልፉ አደርጋለሁ። ለእያንዳንዱ ፎቶ ኦልት ቴክስት የሚባል ሣጥን አለ፤ በፎቶው የሚታየውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊበት። ዓይነ ስውራን የሚጠቀሙበት ስክሪን አንባቢ ፕሮግራም የሚያሰማው እርሱን ስለሆነ ከልብሽ ጻፊው እንጂ የቃላት መደርደሪያ አታድርጊው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እኔ አሜሪካ ያለሁ ገዢ ነኝ፤ ስለዚህ ከገዢ ወገን ልናገር።

በአማርኛ ፊደል የምፈልገው አልፎ አልፎ ነው። የሥራ ቦታዬ ኮምፒውተር የአማርኛ መጻፊያ የለውም፤ እዚህ የተወለዱት ልጆቼማ ቀሚስ የሚለውን ቃል ያውቁታል እንጂ በፊደል አይጽፉትም። ሁላችንም በላቲን ፊደል ነው የምንጽፈው፤ አንዱ በኬይ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኪው፣ መጨረሻው ላይ አንድ ፊደል የሚጨምርም አለ። ታላቋ ልጄ ለመልሷ ስትፈልግ ደግሞ በቀጥታ በእንግሊዝኛ «የኢትዮጵያ የሠርግ ልብስ» ብላ ነው። ድረ ገጻችሁ አማርኛ ብቻ ከሆነ እኛን የሚያክል ገዢ በር ላይ ቆሞ አያያችሁም።

ሁለተኛው ነገር እምነት ነው። ሰው ገጻችሁን ቢያገኝም እንኳ ገንዘቡን ሳያይ ለማያውቀው ሱቅ አይልክም። እኔን የሚያሳምኑኝ፦ ልብሱ በአሻንጉሊት ሳይሆን እንደኔ ባለ ሰው ላይ ተለብሶ ሲታይ፤ ልክ በኢንች ሲጻፍ፤ «በዲኤችኤል ወይም በፖስታ እንልካለን፤ ከዚህ እስከዚህ ቀን ይፈጃል» የሚል ግልጽ ቃል ሲኖር፤ ባይሆነኝ ምን እንደሚደረግ ሲነገረኝ። አንድ ሱቅ ሸማኔው በሽመና ጉድጓዱ ተቀምጦ ሲሠራ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ከቀሚሱ ገጽ ላይ አድርጎ ነበር። ሌላ ምንም ሳልጠይቅ ነው ያዘዝኩት።

ሦስተኛ፣ ጊዜውን አስቡበት። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን እዚህም አልረሳነውም። ነገር ግን ውቅያኖስ ተሻግሮ ለሚመጣ ልብስ እኛ ፍለጋ የምንጀምረው ገና በኅዳር ነው። ለፋሲካ ደግሞ ዐቢይ ጾም እንደገባ። በዓሉ ሳምንት ሲቀረው የሚወጣ ገጽ ለአዲስ አበባ ሰው ይጠቅም ይሆናል፤ ለእኛ አልፎናል።

ድርና ማግ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ ገጽ ሠሪው እንዳሉኝ ፈተሽኩ። የሪዲንግ ሣጥኑ ምልክት የለበትም። «ቀሚስ» የሚለው ቃል ግን «ምርቶች» ገጽ ላይ አንድም ቦታ የለም! የአራቱም ገጾች ርዕስ «ሆም» የሚል ሆኖ አገኘሁት። ከእናቴ ጋር ተቀምጬ ጥያቄዎቹን መጻፍ ጀምሬአለሁ፤ እርሷም ተደስታ «ይህንንማ በየቀኑ ስመልስ ነው የምውለው» አለችኝ።

ሦስት ጥያቄ ልጨምር። አንደኛ፣ አንድ ድርጅት ደውሎ «በአንድ ሳምንት ውስጥ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አንደኛ እናደርጋችኋለን» ብሎናል፤ አባቴ እንክፈል ይላል። ሁለተኛ፣ «ሐበሻ» በሐመሩ ሐ ይጻፍ ወይስ በሃሌታው ሀ? ደንበኞች በሁለቱም ይጽፉታል። ሦስተኛ፣ እንግሊዝኛውን ከአማርኛው ሥር እዚያው ገጽ ላይ ላድርገው ወይስ ለብቻው?

ገጽ ሠሪው፦

ለአባትሽ እንዲህ በዪልኝ፤ አንደኛ ደረጃን በዋስትና ሊሸጥ የሚችል የለም፤ ጉግል ራሱ ይህን በግልጽ ጽፎታል። ገንዘብ ተከፍሎ የሚገኘው ማስታወቂያ ብቻ ነው፤ እርሱም ማስታወቂያ መሆኑ ተጽፎበት ለብቻው ይቀመጣል፤ ክፍያው ሲቆም ይጠፋል፤ ማስታወቂያ መክፈል ደግሞ ከሥሩ ያለውን፣ ያለ ክፍያ የሚገኘውን ደረጃ አያሳድግም። «በሳምንት» የሚሉት ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያደርጉት ወይ የሱቃችሁን ሙሉ ስም ፈልገው «ይኸው አንደኛ ናችሁ» ማለት ነው፣ ወይም ከማይታወቁ ገጾች ማስፈንጠሪያ መግዛት ነው። ጉግል በ2012 ፔንግዊን የተባለውን ማሻሻያ ያወጣው እንዲህ ያለውን ለመቅጣት ነበር፤ ዛሬም የተገዛ ማስፈንጠሪያ ከደንቡ ውጭ ነው። አባትሽ ገንዘቡን ፎቶ አንሺ ይቅጠሩበት።

ማስፈንጠሪያ ራሱ ግን ዋጋ አለው፤ ከእውነተኛ ቦታ ሲመጣ። ልብሳችሁን ለብሰው የተጋቡ ጥንዶችን ያነሣው የሠርግ ፎቶ አንሺ ገጹ ላይ ሥራውን ሲያሳይ «ልብሱ ከእነዚህ ነው» ብሎ እንዲጠቁም ጠይቁት። ውጭ አገር የማኅበረሰብ ማኅበራት ለበዓል ዝግጅት ልብስ ካዘዙ ገጻቸው ላይ እንዲያስገቧችሁ ጠይቁ። ጥቂት ይበቃል።

ስለ ሐ እና ሀ፤ በሁለቱም ጽፈሽ ራስሽ ፈልጊ፤ የሚመጣው ዝርዝር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እንደማይሆን ታያለሽ። ስለዚህ ለሁለቱም ቦታ ይኑርሽ። ርዕሱ ላይ አንዱን ምረጪ፤ ጽሑፉ ውስጥ ወይም የፎቶ መግለጫ ላይ ሌላኛው አጻጻፍ አንድ ጊዜ ይግባ። «ሠርግ» እና «ሰርግ» ላይም እንዲሁ አድርጊ። በላቲን የሚጻፈውን ስም እንግሊዝኛው ገጽ ላይ ታስገቢዋለሽ። ከዚህ አትለፊ። ሁሉንም አጻጻፍ በመስመር መደርደር፣ ወይም በነጭ ላይ ነጭ አድርጎ መደበቅ ጉግል የሚቀጣበት ጥፋት ነው፤ አንባቢንም መናቅ ነው።

እንግሊዝኛው ለብቻው ገጽ ይሁን። አንድ ገጽ አንድ ቋንቋ። ዎርድፕሬስ ላይ የሁለት ቋንቋ ማሟያ ፕሮግራሞች አሉ፤ ኤችሬፍላንግ የሚባለውን ምልክት ራሳቸው ያስገቡልሻል፤ ይህም ለጉግል «ይህ ገጽ የዚያኛው እንግሊዝኛ ነው» ብሎ ይነግረዋል። መሣሪያ ተርጉሞ የሰጠሽን ሳታነቢ አትለጥፊ። ከላይ የጻፈችልሽ እህታችን የጠየቀቻቸው ነገሮች፣ ኢንቹም፣ መላኪያውም፣ መመለሻውም፣ ከምንም በፊት እንግሊዝኛው ላይ ይሁኑ፤ የሚያስፈልጉት እዚያ ነውና።

የገጹ አድራሻ ላይ የአማርኛ ፊደል አታድርጊ። ጉግል ያነበዋል፤ ችግሩ ሌላ ነው። አድራሻው ተገልብጦ ሲላክ እያንዳንዱ ፊደል ወደ ዘጠኝ የላቲን ምልክቶች ይለወጣልና ለሰው የሚላከው ማስፈንጠሪያ አስፈሪ ረጅም ይሆናል። አጭር የላቲን ስም ስጪው።

ከዚያ ጉግል ሰርች ኮንሶል ላይ ተመዝገቢ፤ ነፃ ነው። የድረ ገጹ ባለቤት መሆንሽን ካረጋገጥሽ በኋላ ሳይትማፕ የሚባለውን የገጾች ዝርዝር አስገቢለት፤ ዎርድፕሬስ ከ2020 ጀምሮ ራሱ ያዘጋጀዋል። አንቺ የሒሳብ ሰው ስለሆንሽ ይህን መሣሪያ ትወጂዋለሽ። ሰዎች ምን ብለው ሲፈልጉ እንደታያችሁ፣ ስንቱ እንደነካችሁ፣ በአማካይ ስንተኛ እንደሆናችሁ በሠንጠረዥ ይሰጥሻል። ብዙ ጊዜ እየታየ የማይነካ ገጽ ካለ ርዕሱና መግለጫው ይስተካከል። ያላሰብሽው ጥያቄ ከመጣ፣ ለምሳሌ ሰዎች «የክርስትና ልብስ» ብለው እየደረሱ ገጽ ከሌላችሁ፣ ገጹን ጻፊ። መረጃው 16 ወር ስለሚቆይ የዘንድሮውን ጥምቀት ከሚመጣው ጋር ማስተያየት ትችያለሽ።

ፍጥነቱን አትጠብቂ። አንዳንዱ ለውጥ በቀናት ይታያል፣ አንዳንዱ ወራት ይወስዳል። አሁን ጥቅምት ላይ ነን፤ ጥምቀት ጥር 11 ነው። ሁሉንም ገጽ ባንድ ጊዜ ለመጨረስ ከመታገል የሴት ቀሚሱን ገጽ በሁለቱም ቋንቋ አሁኑኑ አውጪ።

ጣና ዳር፦

ባሕር ዳር ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። ስለ ድረ ገጹ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ግን ሱቃችሁ ቆሞ የሚታይ ሱቅ ሆኖ ሳለ ካርታውን ማንም አለማንሣቱ ቆጨኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ሰው፣ ወይም ለእረፍት የመጣ ዲያስፖራ፣ «የሐበሻ ልብስ» ብሎ ሲፈልግ ከሁሉ በፊት ካርታና ከሥሩ ያሉ ሱቆች ይመጡለታል። እዚያ የሚያስገባችሁ ጉግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ነው፤ ክፍያ የለውም። ጉግል እዚያ የሚያወዳድረው በሦስት ነገር መሆኑን ይናገራል፤ ከተፈለገው ጋር መገጣጠም፣ ርቀት እና ታዋቂነት።

ማረጋገጫው ቀድሞ በፖስታ ካርድ በሚላክ ኮድ ነበር፤ ፖስታ ቤት ለቤት በማይታደልበት አገራችን ይህ ስንቱን እንዳስቸገረ እኔ አውቃለሁ። አሁን አብዛኛውን ጊዜ በቪዲዮ ነው። ስልክ ይዘሽ ከመንገዱ ጀምረሽ፣ የሱቁን ሰሌዳ፣ ከዚያ በቁልፍ ስትከፍቺና ውስጡን ሳታቋርጪ ታሳያለሽ። ሰሌዳው ላይ ያለው ስምና የምታስመዘግቢው ስም አንድ ይሁን። ስሙ ላይ «ምርጥ ርካሽ የሐበሻ ልብስ» የሚል ጭማሪ አታስገቢ፤ ደንቡ የሚፈቅደው እውነተኛውን ስም ብቻ ነው፤ ገጹን ሊያሳግድብሽ ይችላል።

የካርታውን ምልክት በጣትሽ አጉልተሽ በሱቁ በር ላይ በትክክል አስቀምጪ። አድራሻችን በምልክት ስለሆነ መግለጫው ላይ «ከኤምባሲው ወደ እንጦጦ ሲወጡ በስተ ቀኝ» እንደሚባለው ጻፊ። ስልክ ቁጥሩ ድረ ገጹ፣ ቴሌግራሙና ካርታው ላይ አንድ ዓይነት ይሁን።

የሥራ ሰዓት ላይ በጣም ተጠንቀቂ። እኛ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12» እንላለን፤ እዚያ የሚሞላው ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ከ8 እስከ 18 ነው። ሁለት ሰዓት ብለሽ ከሞላሽው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ክፍት ነው ይላል፤ ሰው ከመጣ በኋላ ተዘግቶ ሲያገኘው የሚጽፈውን አስተያየት አስቢ። የገናና የፋሲካ ቀን ዝግ ከሆናችሁ ለብቻው ይሞላል።

አስተያየት የሚጽፍልሽ ሰው ጠይቂ። ልብሱን ተቀብሎ «አምሮብኛል» ብሎ ፎቶ ለላከልሽ ሁሉ ማስፈንጠሪያውን ላኪለት። ቅናሽ እያደረግሽ ማስጻፍ ግን የተከለከለ ነው። ለሚጻፈው ሁሉ መልሺ፤ በተለይ ቅር ላለው።

ድርና ማግ፦

የካርታውን ቪዲዮ ዛሬ ቀርጸን ላክን፤ መልስ እየጠበቅን ነው። ሰዓቱን ባትነግሩኝ ኖሮ በእኛ አቆጣጠር ልሞላው ነበር፤ ጋሼ ጣና ዳር፣ ያክብሩልኝ። የሴት ቀሚሱን ገጽ በአማርኛ ጽፌ ዋጋውን «ከ… እስከ…» ብዬ አስገብቻለሁ፤ እንግሊዝኛውን ነገ እጨርሳለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ አሮጌውን «ምርቶች» ገጽ አሁን ልሰርዘው?

ገጽ ሠሪው፦

አትሰርዢው። ጉግል የሚያውቀው፣ ቴሌግራም ላይም ለሰው የላካችሁት አድራሻ እርሱ ነው። ፖስተሮቹን አውጪና ወደ አዲሶቹ ገጾች መግቢያ አድርጊው፤ ለእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ፎቶ፣ ሁለት መስመር ጽሑፍ፣ ከሥሩ «የሴት ቀሚሶችን ይመልከቱ» የሚል ማስፈንጠሪያ። «እዚህ ይጫኑ» አትበይ፤ የሚደረስበትን ነገር ስም ጥሪ። አድራሻውን የግድ መለወጥ ካለብሽ ሦስት መቶ አንድ የሚባለውን ቋሚ ማዛወሪያ ገጹን የሠራው ልጅ ያድርግልሽ፤ አሮጌውን የነካ ሰው በቀጥታ አዲሱ ላይ ያርፋል። ርዕሱን ግን ዛሬውኑ ከ«ሆም» ቀይሪው።